የአካባቢያችሁ የድርቅ ስጋት ጨምሯል? በነጻ ዳታ ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

«ድርቅ በየአሥር ዓመቱ ይመጣል» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። የፕሮጀክት ሰነድ ላይ ይጻፋል፣ ስብሰባ ላይ ይነገራል፣ በጀትም ይያዝበታል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለም። ከ40 ዓመት በፊት ልክ የነበረ ቁጥር ዛሬ ልክ ላይሆን ይችላል። ምድር ሞቃለች። ዝናቡ ምንም ሳይቀንስ ሙቀቱ ብቻውን አፈሩን ቶሎ ሊያደርቀው ይችላል። ስለዚህ ስለ አንድ አካባቢ የድርቅ ስጋት ስታወሩ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ መልሱ፦ ዝናቡ ምን ሆነ? ሙቀቱስ ምን ጨመረበት? ሁለቱን ደባልቆ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም።

የሚያስፈልጋችሁ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ኤክሴል ነው። የወረዳ ባለሙያም ሁኑ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ ተማሪዎች፣ ወይም ውጭ አገር ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ ጉድጓድ ልታስቆፍሩ ያሰባችሁ፣ መንገዱ አንድ ነው። ምሳሌ የማደርገው ቦረናን ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ የከሸፈበት አካባቢ ስለሆነ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ጎልቶ ይታያል።

1. መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ

የዓመት ድምር ዝናብ ለድርቅ ሥራ የማይረባ ቁጥር ነው። ይህን ሳልሸፋፍን የምናገረው ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ደቡብ ወሎ በልግ አለ፣ ክረምትም አለ፤ በልጉ ጠፍቶ ክረምቱ ቢያካክሰው የዓመቱ ድምር «ደህና» ይላል፣ በበልግ የሚያርሰው ገበሬ ግን ባዶ እጁን ነው። ቦረና ላይ ደግሞ ዋናው ዝናብ ጋና ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። አጭሩ ዝናብ ሃጋያ በመጸው ይመጣል። ክረምት የሚባለው ጊዜ እዚያ ደረቅ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ዘንድሮ ክረምቱ ጥሩ ነበር» የሚል ሰው ስለ ቦረና ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ወረዳ፣ አንድ ወቅት። ሁለት ወቅት ካለው ሁለት ሰንጠረዥ። ማንን እንደሚጎዳም ከአሁኑ ጻፉ፦ ግጦሽ ነው? ሰብል ነው? የኤላ (የቦረና ባህላዊ ጉድጓድ) ውሃ ነው? የግጦሽ ሣር በአንድ ወቅት መክሸፍ ይጎዳል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ግን ሊዘገይ ይችላል።

2. ዳታውን አውርዱ

ለዝናብ ቸርፕስ (CHIRPS) የሚባለውን ተጠቀሙ። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ያሉ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ጋር የሚያዘጋጁት ነው። የሳተላይት ምስልና የምድር ጣቢያ ልኬት ያዋህዳል፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፣ በየ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ለሙቀት ደግሞ ኢራ ፋይቭ ላንድ (ERA5-Land) የሚባል ዳታ አለ፣ ይህኛው በየ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱንም ክላይሜት ኢንጂን (Climate Engine) በሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ፤ ካርታው ላይ ወረዳችሁን ትከባላችሁ፣ ዘመኑን ትመርጣላችሁ፣ በኤክሴል የሚከፈት ፋይል ታወርዳላችሁ። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም።

ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የጣቢያ መዝገብ ማግኘት ከቻላችሁ እጅግ ጥሩ። ኢንስቲትዩቱ የጣቢያና የሳተላይት ልኬት አዋህዶ ያዘጋጀው የራሱ ዳታም አለው። የጣቢያ መዝገብ ስታዩ ክፍተቱን ፈልጉ፣ በተለይ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1991 እ.ኤ.አ. አካባቢ በጦርነቱ ምክንያት የተቋረጡ ብዙ ናቸው። ባዶ ሳጥን ማለት ዜሮ ዝናብ ማለት አይደለም። ባዶውን ዜሮ ብላችሁ ከሞላችሁ ያልነበረ ድርቅ ትፈጥራላችሁ።

ሌላው ጥንቃቄ ስሪቱ ነው። ቸርፕስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስሪት አለው። ከ1981 እስከ አሁን በአንዱ ብቻ ሂዱ። ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ከቀላቀላችሁ የምታዩት ለውጥ የአየሩ ይሁን የሶፍትዌሩ መለየት አትችሉም።

3. የዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ

ዳታው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የሰዉ ትዝታ በእኛ። ሰባ ሰባት ብለን የምንጠራው ድርቅ ፋይሉ ውስጥ 1984 ላይ ነው ያለው፣ ዝናቡ የጠፋው በዚያ ዓመት ነውና። ይህን ሳያስተውሉ 1977 ላይ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ፋይሉ ደግሞ ከ1981 ስለሚጀምር እዚያ ምንም የለም።

ለቦረና ግን የእኛ አቆጣጠር ይመቻል። ሃጋያው በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይመጣል፣ ጋናው ቀጥሎ በዚያው ዓመት ውስጥ። አምስቱ የከሸፉ ወቅቶች እንዲህ ይቀመጣሉ፦ የ2013 ሃጋያና ጋና፣ የ2014 ሃጋያና ጋና፣ የ2015 ሃጋያ። በፈረንጅ ዓመት ብትደረድሩት ሃጋያው ከሚቀጥለው ጋና ይነጠላል፣ ተከታታይነቱም ለዓይን ይጠፋል። ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ጻፉ።

4. መነሻ ዘመን ቆርጣችሁ ያዙ፣ ከዚያ ቁጠሩ

የሥራው እምብርት እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት የወቅቱን ዝናብ ደምሩ። ቀጥሎ አንድ መነሻ ዘመን ምረጡ፣ ለምሳሌ ከ1981 እስከ 2010 ያሉትን 30 ዓመታት። በኤክሴል የፐርሰንታይል ፎርሙላ የእነዚህን 30 ዓመታት 20ኛ ፐርሰንታይል፣ ማለትም ከ100 ሃያው እጅ ከሥሩ የሚቀርበትን ቁጥር አውጡ። ከዚያ ቁጥር በታች የሆነ ወቅት «የድርቅ ወቅት» ነው። በድሮው ዘመን ይህ በአምስት ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነበር ማለት ነው።

መነሻውን አንዴ ከያዛችሁ አትንኩት። ዓለም አቀፉ ልማድ በየአሥር ዓመቱ መነሻውን ወደፊት መግፋት ነው፤ አሁን በብዛት የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ለዕለት ተዕለት ትንበያ ደግ ነው። ስጋት በጊዜ ሂደት እንዴት እንደተለወጠ ለማየት ግን ጎጂ ነው። የደረቁ ዓመታት ወደ መነሻው እየገቡ በሄዱ ቁጥር «መደበኛው» ራሱ ዝቅ ይላል፣ ትናንት ድርቅ ይባል የነበረው ዛሬ ተራ ዓመት ይሆናል።

አሁን ሁለት መስኮት ክፈቱ፦ ከ1981 እስከ 2000፣ ከ2005 እስከ 2024። እያንዳንዳቸው 20 ዓመት ናቸው። በእያንዳንዱ ስንት የድርቅ ወቅት አለ? ምንም ለውጥ ከሌለ አራት አካባቢ ትጠብቃላችሁ።

አምስት ወይም ስድስት አገኛችሁ እንበል። ተረጋጉ። ስጋቱ ምንም ባይለወጥ እንኳ ከ20 ዓመት ስድስትና ከዚያ በላይ የድርቅ ወቅት የማግኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 20 ይጠጋል። ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 ዘጠኝ ገደማ ነው። ስምንትና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ሦስት ይወርዳል፣ ያኔ እውነተኛ ለውጥ ነው ለማለት አፋችሁን ሞልታችሁ መናገር ትችላላችሁ። ስምንት ከ20 ማለት ድርቁ በአምስት ዓመት አንዴ ከመምጣት በሁለት ዓመት ተኩል አንዴ ወደ መምጣት ተሻገረ ማለት ነው። ለሁለቱም ወቅት ለየብቻ ሥሩት፤ ጋናና ሃጋያ በተቃራኒ አቅጣጫ ሊሄዱ ይችላሉ።

ሪፖርት ላይ የታወቀ መለኪያ የሚጠይቃችሁ ካለ ኤስ.ፒ.አይ (SPI) የሚባለውን፣ ዝናቡ ከመደበኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካውን ቁጥር ጨምሩ። በ1993 እ.ኤ.አ. የኮሎራዶ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው፣ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትም ይመክረዋል። ቁጥሩ ከኔጌቲቭ 1 ሲወርድ መካከለኛ፣ ከኔጌቲቭ 1.5 ሲወርድ ከባድ፣ ከኔጌቲቭ 2 ሲወርድ እጅግ ከባድ ድርቅ ይባላል። ለጋና በግንቦት መጨረሻ የሦስት ወሩን ውሰዱ። ደረቅ ወር ላይ የአንድ ወር ኤስ.ፒ.አይ አታስሉ፣ ብዙ ዜሮ ስላለ የሚወጣው ቁጥር ትርጉም የለውም።

ድምሩ ደህና ሆኖ ዝናቡ በሁለት ሳምንት ወርዶ ካበቃስ? ይህም ድርቅ ነው። በየአሥር ቀኑ ያለውን ድምር አውርዳችሁ በወቅቱ ውስጥ ስንቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች እንደሆነ ቁጠሩ፣ እሱንም በሁለቱ መስኮት አወዳድሩ።

5. ሙቀቱን ጨምሩበት

እስካሁን ያየነው ዝናብ ብቻ ነው። አሁን አየሩ ከምድር ስንት ውሃ «እንደሚጠይቅ» እናስላ። የተሟላው ቀመር ንፋስና እርጥበት ስለሚፈልግ ቀለል ያለውን የሃርግሪቭስ ቀመር እንጠቀም። አማካይ ሙቀቱ ላይ 17.8 ደምሩ። ከከፍተኛው ሙቀት ዝቅተኛውን ቀንሳችሁ የልዩነቱን ስኩዌር ሩት አውጡ። ሁለቱን አባዙ፣ በ0.0023 አባዙ፣ በመጨረሻም በፀሐይ ጨረሩ ቁጥር አባዙ። የጨረሩ ቁጥር ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሰንጠረዥ በኬክሮስ ይገኛል፤ ለቦረና በጋና ወራት በቀን 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

በቁጥር እንየው። ቆላ ላይ ከፍተኛው 30፣ ዝቅተኛው 18፣ አማካዩ 24 ዲግሪ ነው እንበል። ቀመሩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ሁሉንም በ1.2 ዲግሪ ከፍ አድርጉና ድገሙት፣ 5.14 ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። በጋና 92 ቀን ስታባዙት ግን 13 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሄክታር 130 ሺህ ሊትር። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ 13 ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣው ውሃ ማለት ነው፣ ለአንድ ሄክታር፣ በአንድ ወቅት፣ ዝናቡ አንዲት ጠብታ ሳይቀንስ።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት ያዙ። ይህ የአየሩ ጥያቄ እንጂ በትክክል የተነነው ውሃ አይደለም። አፈሩ ፈጽሞ ከደረቀ የሚተን ነገር የለም። ጭማሪ ሙቀቱ ከምንም በላይ የሚጎዳው መሃል ላይ ያለውን ወቅት ነው፣ ጥሩም መጥፎም ያልሆነውን፣ ድሮ ቢሆን ከብቱ እንደምንም የሚያልፈውን።

አሁን ከእያንዳንዱ ወቅት ዝናብ ላይ ይህን ጥያቄ ቀንሱ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ አትደንግጡ፣ የምናወዳድረው ከመነሻው ጋር ነው። 20ኛ ፐርሰንታይሉን ከዚያው መነሻ ዘመን አውጡና በሁለተኛው መስኮት ያሉትን የድርቅ ወቅቶች ቁጠሩ። ከዚያ ሌላ ዙር ሥሩ፦ የአሁኑን ዝናብ ያዙ፣ ሙቀቱን ግን ከ1981 እስከ 2000 በነበረው አማካይ ተኩት። እንደገና ቁጠሩ። በሁለቱ ቆጠራ መካከል ያለው ልዩነት የሙቀቱ ድርሻ ነው። ስምንት ወቅት ሆኖ የነበረው በድሮው ሙቀት ስድስት ከሆነ፣ ሁለቱ ወቅት ወደ ድርቅ የተገፉት በሙቀቱ ነው ማለት ትችላላችሁ።

ይህ የቤት ውስጥ ስሌት የትልልቆቹን ጥናት ይተካል አልልም፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የሚባለው የሳይንቲስቶች ቡድን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና የኬንያን ደረቅ አካባቢ መርምሮ፣ ሰው ያመጣው ሙቀት የዚያን ዓይነት ድርቅ ቢያንስ መቶ ጊዜ እጥፍ የመከሰት ዕድል እንደሰጠው ደምድሟል። ዓለም በ1.2 ዲግሪ ቀዝቃዛ ብትሆን ኖሮ ያው የዝናብ እጥረት ድርቅ እስከመባል አይደርስም ነበር። ረጅሙ ዝናብ ጋና እየደረቀ፣ አጭሩ ደግሞ እየረጠበ መሆኑንም አግኝተዋል። ሁለቱን ወቅት ለየብቻ ሥሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

6. ተከታታይ ወቅቶችን እዩ

አርብቶ አደሩን አንድ መጥፎ ወቅት አይሰብረውም። ሦስተኛውና አራተኛው ይሰብሩታል። ከሸፈ ማለት በአምስት አንዴ የሚያጋጥም ከሆነና ወቅቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ አምስት በተከታታይ የመክሸፍ ዕድሉ ከ3125 አንድ ነው። ከሞላ ጎደል የማይሆን ነገር። ሆነ። ስለዚህ ወቅቶቹ የተያያዙ ናቸው፣ የሚያያይዛቸውም ውቅያኖስ ነው። ሰንጠረዣችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩና ስንት ወቅት በተከታታይ እንደከሸፈ መዝግቡ። የእኔ ምክር ለሪፖርታችሁ ዋናው ቁጥር ይህ ይሁን ነው።

7. የውቅያኖሱን ምልክት ለዩ

የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖኣ (NOAA) የኤልኒኖና የላኒናን ወርሃዊ ሰንጠረዥ በነጻ ያወጣል። ቁጥሩ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ከመደበኛው ምን ያህል እንደሞቀ ወይም እንደቀዘቀዘ ያሳያል። ቁጥሩ 0.5 እና በላይ ሲቆይ ኤልኒኖ፣ ከኔጌቲቭ 0.5 ሲወርድ ላኒና ነው። ኤልኒኖ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምቱን ይቀንሳል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የሆነው ይህ ነው፣ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። ላኒና ደግሞ የደቡቡንና የደቡብ ምሥራቁን የመጸው ዝናብ ያሳጣል። ከ2020 እስከ 2022 ላኒና ሦስት ዓመት ደጋግማ ስለመጣች ሦስቱ ሃጋያ አንድ ላይ ጠፉ። አንዱ ጫፍ ሲጠግብ ሌላው ሊራብ ይችላል፣ ስለዚህ «የኢትዮጵያ የድርቅ ስጋት» የሚባል አንድ ቁጥር አትፈልጉ።

ሁለተኛው መስኮታችሁ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ላኒና ገብቶበት ከሆነ ድርቁ የጨመረው በከፊል በዚያ ሊሆን ይችላል። የላኒና ዓመታትን ከላኒና ዓመታት ጋር አወዳድሩ። የዛሬዋ ላኒና ከድሮዋ ይበልጥ ካደረቀች ሙቀቱን መጠርጠር ያስኬዳል።

8. ሽማግሌዎቹን ጠይቁ

ቦረናዎች ዘመንን በገዳ ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ ገዳ ስምንት ዓመት ነው፣ ድርቁና የከብት እልቂቱም በየአባ ገዳው ስም ይታወሳል። ሰንጠረዣችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «በእገሌ ገዳ ዝናቡ የት የት ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። እነሱ ከባድ ያሉት ዓመት በቁጥራችሁ ላይ ካልታየ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የመረጣችሁት ወቅት ወይም የካርታው ክብ ላይ ነው። በሳተላይት የሚለካውን የዕፅዋት አረንጓዴነትም ማነጻጸር ይቻላል፤ ቦረና ላይ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሞከረው የእንስሳት መድን የሚከፍለው በዚያ መለኪያ ነው። ቁጥቋጦ የወረረው መሬት ግን ከሰማይ አረንጓዴ መስሎ ለከብት የሚሆን ሣር ላይኖረው ይችላል።

9. ወደፊቱን አንድ ቁጥር አታድርጉት

የአየር ንብረት ሞዴሎች በአብዛኛው ምሥራቅ አፍሪካ ይረጥባል ይላሉ። የረጅሙ ዝናብ መዝገብ ግን ላለፉት አሥርት ዓመታት በአመዛኙ ወደ ታች አሳይቷል። ተመራማሪዎች የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ የሚሉት ይህን ነው። አንድ ሞዴል ይዛችሁ «በ2050 ዝናቡ በዚህ ያህል ይጨምራል» ብላችሁ አትጻፉ።

ይልቅስ ሰንጠረዣችሁን ተጠቀሙ። የሁለተኛውን መስኮት ዝናብ በ10 በመቶ ቀንሱ፣ እንዳለ ተዉት፣ በ10 በመቶ ጨምሩ። እያንዳንዱን ከ1 ዲግሪና ከ2 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት ጋር ሥሩት። ስድስት ቆጠራ ይወጣል። ዝናቡ ጨምሮም የድርቅ ወቅቶቹ ካልቀነሱ ለዚያ መዘጋጀት ግድ ነው፣ ሞዴሎቹ እስኪስማሙ መጠበቅ አያስፈልግም። ለንጽጽር፣ የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ጉባኤ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በሚደርቁ የዓለም አካባቢዎች በአሥር ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረ የእርሻ ድርቅ በ1 ዲግሪ ሙቀት 1.7 ጊዜ፣ በ2 ዲግሪ 2.4 ጊዜ ይሆናል። የእነዚያ አካባቢዎች አማካይ ስለሆነ ወረዳችሁ ላይ አትለጥፉት።

10. በአንድ ገጽ ጻፉት

የወቅቱ ስም፣ መነሻ ዘመኑ፣ በሁለቱ መስኮት የተቆጠረው፣ የሙቀቱ ድርሻ፣ ረጅሙ ተከታታይ ክሽፈት፣ ስድስቱ የወደፊት ቆጠራ። ከዚያ አጠገብ አሁን ሥራ ላይ ያለው ዕቅድ ድርቅ በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል ብሎ እንደተነሳ ጻፉ፣ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ለወረዳው አደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት፣ ለእንስሳት ሀብትና ለውሃ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ፋይሉንም አብራችሁ ስጡ፣ ቁጥራችሁን የሚፈትሽ ሰው እንዲኖር።

በየወቅቱ መጨረሻ አንድ ረድፍ ጨምሩ። የቸርፕስ የተጣራው ቁጥር የሚወጣው በተከታዩ የፈረንጅ ወር ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ስለሆነ የሃጋያውን ጥር ላይ፣ የጋናውን ሰኔ ላይ ታስገባላችሁ። ቀድሞ የሚወጣው ጊዜያዊ ቁጥር ስለሚለወጥ እሱን በሌላ ቀለም አስቀምጡት።